«ኦቴሎ» ውስጥ በራሱ የሚተማመነው ማን ነው?

ጥያቄ፦ ከደሴ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። በትምህርት ቤታችን ድራማ ክበብ የሼክስፒርን «ኦቴሎ» እየተለማመድን ነው፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን። መምህራችን ደግሞ «ከገጸ ባሕርያቱ በራሱ የሚተማመነው ማን ነው? በማስረጃ ጻፉ» ብለውናል። ግማሾቻችን የኦቴሎ የበታች መኮንን ኢያጎ ነው እንላለን። አያመነታም፣ ሁሉንም እንደፈለገ ይዘውራል። ሌሎቹ የጦር አዛዡ ኦቴሎ ነው ይላሉ። እኔ የምሠራው የኢያጎን ሚስት ኤሚሊያን ነው፤ መጨረሻው ትዕይንት ላይ ስደርስ ድምፄ ይጠፋል። በሁለቱም እርዱኝ፣ በናታችሁ።

ከኮምቦልቻ

አብሽሪ እህቴ። በኢያጎ ግን አልስማማም። አፈ ጮሌነትና በራስ መተማመን ለየቅል ናቸው። የተመኘው የኦቴሎ ምክትልነት ሹመት ለካሲዮ ተሰጠበት፣ ከዚያ ወዲያ ሰላም የለውም። 5ኛው ገቢር ላይ «የካሲዮ ውበት እኔን አስቀያሚ ያደርገኛል» የሚል ነገር ከራሱ አፍ ይወጣል። ሰው ባማረ ቁጥር እሱ የሚያስጠላ የሚመስለው ሰው በራሱ ይተማመናል አትበሉኝ። ቃልም የለውም። ካሲዮ ሰክሮ ሹመቱን ሲያጣና «ክብሬ ሄደ» ሲል፣ ክብር ከንቱ ነው ብሎ ያጽናናዋል። ለኦቴሎ ደግሞ ከመልካም ስም የሚበልጥ ሀብት የለም ይለዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገሽ ጻፊ።

ከሐይቅ፣ የቀድሞ መምህር

ልጄ፣ ኦቴሎን ቸኩላችሁ አትለፉት። 1ኛው ገቢር ላይ ድንቅ ሰው ነው። አማቱ «ልጄን በድግምት ወሰደብኝ» ብሎ በሹማምንት ፊት ሲከሰው አይደናገጥም። ንግግር አልችልም፣ ያደግሁት ጦር ሜዳ ነው ይልና ፍቅራቸው እንዴት እንደጀመረ እንዳለ ያወራል። ያሳምናቸዋልም።

3ኛው ገቢር ላይ ሌላ ሰው ይሆናል። ጥፋቱን ሁሉ በኢያጎ አታሳቡ። ኢያጎ የኦቴሎ ሚስት ዴዝዴሞና ከካሲዮ ጋር ትወሰልታለች የሚል ወሬ ጣል አድርጎ ይሄዳል፤ ብቻውን ሲቀር የሚጨርሰው ኦቴሎ ራሱ ነው። ጥቁር ስለሆንኩ ይሆናል፣ የጨዋታ ለዛ ስለሌለኝ ይሆናል፣ ዕድሜዬም ገፍቷል ይላል። ጥርጣሬው ድሮም ውስጡ ነበር ማለት ነው። በውጊያ ያገኘው ክብር ለትዳሩ አልሆነውም። ሚስቱን ሲጠረጥር ከጦሩም ከፈረሱም ይሰናበታል፣ ሥራዬ አበቃ ይላል። ጦሩን ማን ነካበት?

አርስቶትል የትራጀዲ (የአሳዛኝ ድራማ) ጀግና ፍጹም ጻድቅም ፍጹም ክፉም አይደለም፣ የሚጥለው ስሕተቱ ነው ያለው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

ከወልድያ፣ ቲያትር የምሠራ

ለእኔ ኤሚሊያ ናት። መጀመሪያ ላይ ማንም ልብ አይላትም። ባሏ ስለጨቀጨቃት የእመቤቷን የዴዝዴሞናን መሀረብ ከወደቀበት አንስታ ትሰጠዋለች። እመቤቷ የት ጣልኩት ስትላት አላውቅም ትላለች። ባሏ በዚያ መሀረብ ኦቴሎን አታሎ ዴዝዴሞናን እንዳስገደላት ሲገባት ግን ሌላ ሴት ናት። ባሏ ቤትሽ ግቢ ሲላት፣ መታዘዝ ይገባኝ ነበር፣ አሁን ግን አይሆንም ትለዋለች። ሰይፍ ሲመዝባትም አታቆምም። ተወግታም እስክትሞት ትናገራለች።

ስለ ድምፅሽ፦ ጮኸሽ አትጀምሪ። መንዙማ የሚያወጣ ሰው ዝቅ ብሎ ይጀምርና ተቀባዩ ሲሞቅ ከፍ ይላል፤ አንቺም እንደዚያ። «አሁን ግን አይሆንም» የምትለውን ኢያጎ የሚሆነውን ልጅ ዓይን ዓይኑን እያየሽ፣ በቀስታ በይው። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ በደንብ ተንፍሺ። ተመልካቹን እርሺው። የመሀረቡን ትዕይንትም ደጋግመሽ ሥሪ። ዝም ያለችበት ቦታ ካልገባሽ የምትናገርበት ጉልበት ከየት ይመጣል?

ከከሚሴ

ዴዝዴሞናንስ? በአባቷና በሹማምንቱ ፊት «ባሌን መርጫለሁ» ያለች ልጅ እኮ ናት! ስትሞት ማን ገደለሽ ሲሏት «ራሴ» ትላለች። አንዳንዱ ድክመት ይለዋል፣ እኔ ፍቅር እለዋለሁ።

ከደሴ፣ ጠያቂዋ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም። ኤሚሊያን ከኦቴሎ ጋር እያነጻጸርኩ እጽፋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ መሀረቡን የምትሰጠው ባሏን ፈርታ ነው ወይስ ልታስደስተው?

ከወልድያ

ልታስደስተው። «ለአንተ የሚሆን ነገር አለኝ» ብላ ነው የምትጀምረው። እሱ ግን ይሰድባታል፣ መሀረቡን ነጥቆ ሂጂ ይላታል። ያቺን ቅጽበት ከልጁ ጋር በደንብ ተለማመዷት፤ መሀረቡ ከእጅሽ ሲወጣ ቶሎ አትዙሪ።