ዕውቅና የሌለው አገር ዜጋ መብቱ ሲጣስ ማንን ይከሳል?

ጥያቄ (የሕግ ተማሪዋ)
ሰላም ለሁላችሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ ዕውቅና ባላገኙ ተገንጣይ አገሮች ሕገ መንግሥት ላይ ነው። የመብት ምዕራፋቸው የሚጎድለው ያለ አይመስልም። ግን የዚያው አገር ፍርድ ቤት ፊት ከነሳው ተበዳዩ ወዴት አቤት ይላል? አገሩ የተመድ አባል አይደለም። ስምምነት ልፈርም ቢልም የሚቀበለው የለም። ከየት ልጀምር?

መልስ (ጠበቃው)
እህቴ፣ ከሎይዚዱ ጀምሪ። ቲቲና ሎይዚዱ ሰሜን ቆጵሮስ፣ ኪሬንያ ውስጥ መሬት ነበራት። ከ1974ቱ የቱርክ ጦር ዘመቻ በኋላ መሬቷን መርገጥ አልቻለችም። ከቱርክ በቀር ማንም ዕውቅና ያልሰጣት የሰሜን ቆጵሮስ የ1985ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 159 ባለቤቶቹ ጥለውት ሄዱ የተባለውን ንብረት የመንግሥት አደረገው። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ1996 አንቀጹን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ባለቤቷ አሁንም እሷ ናት አለ። ተጠያቂዋም ቱርክ ሆነች፤ አካባቢውን የያዘው ጦሯ ነዋ። ካሳው በ1998 ተወሰነ፣ ቱርክ የከፈለችው ግን በ2003 ነው። እናም መጀመሪያ የምትጠይቂው ከጀርባ ማን አለ ብለሽ ነው። ቀጥሎ፣ ያ አገር ፍርድ ቤቱ የሚዳኝበትን የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ስምምነት ፈርሟል ወይ?

የሕግ ተማሪዋ
አመሰግናለሁ! ታዲያ የራሳቸው ፍርድ ቤት ዋጋ የለውም ማለት ነው?

መልስ (ሌላ አባል)
እንደሱ አትደምድሚ። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ1971 ስለ ናሚቢያ በሰጠው አስተያየት የደቡብ አፍሪካ አስተዳደር ሕገወጥ ነው ብሏል። ሆኖም ልደት፣ ሞትና ጋብቻ መመዝገቡን ዋጋ ማሳጣት የሚጎዳው ነዋሪውን ነው ሲል ለይቶታል። በ2010 ደግሞ የአውሮፓው ፍርድ ቤት በዴሞፑሎስ ጉዳይ፣ ከሳሾቹ መጀመሪያ በሰሜን ቆጵሮስ ወዳለው የንብረት ኮሚሽን ይሂዱ አለ። ብዙ ሰው አልወደደውም። እኔ ግን ትክክል ነው ባይ ነኝ፤ ሰው ደጁ ላይ መፍትሔ ካለ ለምን የአውሮፓው ፍርድ ቤት እስካለበት ስትራስቡርግ ድረስ ይንከራተታል?

አንድ ነገር ልጨምር። ምዕራፋቸው ሙሉ ነው ላልሽው፣ ከጆርጂያ የተገነጠለችውን የአብካዚያን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 49 እዪው። ፕሬዚዳንት መሆን የሚችለው በብሔሩ አብካዝ የሆነ ብቻ ነው።

መልስ (የቀድሞ መምህርት)
ከሞልዶቫ የተገነጠለችውን፣ ሩሲያ የምትደግፋትን ትራንስኒስትሪያን አትለፊያት፤ እዚያ ተከሳሾቹ ሁለት ናቸው፣ ሞልዶቫና ሩሲያ። በላቲን ፊደል ያስተምሩ የነበሩ ትምህርት ቤቶችን አስተዳደሩ በኃይል ዘጋ። ጁላይ 2004 ሪብኒጻ ያለውን ትምህርት ቤት ፖሊስ ሰብሮ ገብቶ፣ ውስጥ የነበሩትን ሴቶችና ሕጻናት አስወጣ። በ2012 የአውሮፓው ፍርድ ቤት ካታን በተባለው ጉዳይ ሩሲያ ላይ ፈረደባት። ሞልዶቫ ግን ጥፋተኛ አልተባለችም፤ የምትችለውን አድርጋለች ተብሎ። ይህን ስታነቢ ልጆቹን አስቢያቸው፤ ፍርዱ የመጣው ብዙዎቹ የትምህርት ዕድሜያቸው ካለፈ በኋላ ነው። ልብ በይ፣ ሩሲያ ከሴፕቴምበር 16 ቀን 2022 ጀምሮ የአውሮፓው ስምምነት አባል አይደለችም። ከዚያ በኋላ ለተፈጸመ በደል በዚህ በር እሷን መክሰስ አይቻልም።

መልስ (ጠበቃው)
ሶማሌላንድ ላይ ደግሞ ይህ ሁሉ አይሠራም። ግዛቷን በጦሩ የያዘላት የውጭ አገር የለም፤ ስለዚህ እንደ ቱርክ የሚከሰስ የለም። በ2001 በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው ሕገ መንግሥቷ፣ አንቀጽ 10 ላይ ዓለም አቀፉን የሰብአዊ መብቶች መግለጫ አከብራለሁ ይላል። ይህን ቃል የሚያስፈጽመው የሐርጌሳ ዳኛ ነው። እኔ ብሆን ጽሑፌን እዚህ ላይ አሳርፈው ነበር። ዳኞቹን ማን ይሾማል? ማንስ ያነሳቸዋል? እሱን ፈትሺ።

የሕግ ተማሪዋ
እግዜር ይስጥልኝ። ቆጵሮስንና ሶማሌላንድን ይዤ ነገ አማካሪዬን አናግራለሁ።