የልጄ የካዴት ዩኒፎርም፦ ቤት ልጠበው ወይስ ላውንደሪ ልስጠው?

እናት ከቨርጂኒያ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ልጄ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገባና ጄአርኦቲሲ የሚባለውን፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ በወታደር ሥርዓት የሚሰጠውን የካዴት ትምህርት መረጠ። የአሜሪካ ምድር ጦሩን ነው። ባለፈው ሳምንት ሰማያዊ ኮትና ሱሪ፣ ሸሚዝ፣ ክራቫት፣ ቀበቶ፣ ጥቁር ጫማና መለዮ (ቆቡን ማለቴ ነው) ተሸክሞ መጣ፤ በትንሽ ፌስታል ደግሞ ደረት ላይ የሚደረጉ ሪባኖችና ብረታ ብረቶች አሉ። በሳምንት አንድ ቀን ለብሶ ይሄዳል፣ መምህሩ አሰልፎ እያየ ማርክ ይሰጠዋል። ልብሱ በውሰት የተሰጠው ስለሆነ እንዳላበላሸው ፈራሁ። ኮቱ ማሽን ይገባል? ሱሪው በጣም ረዝሞበታል፣ ላስቆርጠው? ማተቡንስ አውልቅ ይሉት ይሆን? አባቱ ደግሞ "ወታደር አድርገው ሊወስዱት ነው" ብሎ እንቅልፍ አጥቷል። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ላውንደሪ ቤት የሠራሁ

እህቴ፣ ኮቱንና ሱሪውን ማሽን ውስጥ እንዳትከቺው! ሱፍ ያለበት ጨርቅ ነው። ውሃና ሙቀት ሲያገኘው ይኮማተራል፣ የኮቱ ደረት ውስጥ ያለው ገበርም ይጨማደዳል፤ አንዴ ከተጨማደደ ደግሞ ማንም አይመልሰውም። ድራይ ክሊን ስጪው። ግን በየሳምንቱ አይደለም፣ ኬሚካሉም ልብስ ይጎዳል። ለብሶ ሲመለስ ወዲያው ወፈር ያለ መስቀያ ላይ ይስቀለው፣ በልብስ ብሩሽ ይጥረገው፣ አየር ያግኘው። ቁምሳጥን ውስጥ ከሌላ ልብስ ጋር አይጨናነቅ። ከላውንደሪ የመጣበትን ላስቲክም አውልቁለት፣ እርጥበት ይይዛል።

ሸሚዙን ግን ቤት እጠቢው። ኮሌታውንና የእጅጌውን ጫፍ መጀመሪያ በሳሙና አሸት አሸት አድርጊና ማሽን ውስጥ ክተቺው። ማድረቂያው ውስጥ ድርቅ እስኪል አትተይው፣ ትንሽ እርጥበት እያለው አውጥተሽ ተኩሺው። ክራቫት አይታጠብም።

ሱሪው ሲተኮስ ካውያው በቀጥታ ጨርቁን እንዳይነካው። በላዩ ስስ ነጭ ጨርቅ አንጥፊ፣ በእንፋሎት ተኩሺ። አለበለዚያ ጉልበቱና ኪሱ አካባቢ ያብለጨልጫል። ብዙ ሰው እያመጣ "ይሄን አስለቅቁልኝ" ይለን ነበር፣ ጨርቁ አንዴ ከተቃጠለ ግን ምን ይደረጋል።

ርዝመቱን በተመለከተ እንዳይቆረጥ! ልብስ ሰፊው ወደ ውስጥ አጥፎ ይስፋው። ልጁ ገና ያድጋል፣ ልብሱም ተመላሽ ነው፣ ሌላ ልጅ ይለብሰዋል። ሱሪው ጫማው ላይ ለስለስ ብሎ ካረፈ በቂ ነው። ልክ ሲያስወስድም ያንኑ ጥቁር ጫማ አድርጎ ይሂድ፣ በስኒከር ከተለካ ያጥራል።

አራት ዓመት የለበስኩ

እንኳን ደስ ያለዎት እናቴ፣ ልጅዎ ጥሩ ነገር ነው የመረጠው። እኔም ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ካዴት ነበርኩ። ላውንደሪ ቤት የሠሩት ወንድማችን ስለጨርቁ ጨርሰውታል፣ እኔ ስለአለባበሱ ልንገርዎት።

መምህሩ መጀመሪያ የሚያየው መሃል ላይ ያለውን መስመር ነው። የሸሚዙ የቁልፍ ጠርዝ፣ የቀበቶው ዘለበት ጠርዝና የሱሪው ዚፕ ጠርዝ ከላይ እስከ ታች አንድ ቀጥ ያለ መስመር መሥራት አለባቸው። ሸሚዙ ጎን ላይ ተነፋፍቶ ከሆነ ትርፉን ወደ ኋላ አጥፎ ወደ ሱሪው ይክተተው። ከዚያ ሪባኖቹ፣ ለወንድ ከግራ ኪሱ በላይ 1/8 ኢንች ላይ መሃል ተይዘው ይቀመጣሉ። በዓይን ግምት አይሆንም፣ ትንሽ ማስመሪያ ይግዙለት። ሸሚዝም ኮትም ከመታጠቡ በፊት ሁሉም ብረት ይወልቅ፣ ካልሆነ ዝገቱም ቀዳዳውም ጨርቁ ላይ ይቀራል። ሪባኖቹን ደግሞ ዚፕ ባለው ትንሽ ላስቲክ ያስቀምጣቸው፣ ቶሎ ነው አቧራ የሚይዙት።

መለዮው ብዙ ልጆችን የሚያስቸግረው እሱ ነው። አዲስ ሲሆን ክብ ሆኖ ይነፋል፣ ለዚህ ነው ራሳቸው ላይ ድፎ ዳቦ የጫኑ የሚመስሉት። ለብ ባለ ውሃ ያርሰውና ይጭመቀው፣ ከዚያ ይልበሰው። የጠርዙ ጥብጣብ ከቅንድቡ በላይ አንድ ኢንች ያህል ዙሪያውን ቀጥ ብሎ ይዋል፣ ዓርማው ወደ ግራ ዓይኑ በኩል ይምጣ፣ ትርፉ ጨርቅ ወደ ቀኝ ጆሮው ተጎትቶ ይተኛ። በእጁ እየዳበሰ ያን ቅርጽ ያስይዘውና ራሱ ላይ እንዳለ ይድረቅ፣ ይሰለቻል ግን ሌላ መንገድ የለውም። ላዩ ላይ የቆመውን ፀጉር በአዲስ ምላጭ ቀስ ብሎ ይላጨው። ውጭ ሲሆን ይደፋል፣ ቤት ውስጥ ይወልቃል።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ እርስዎ አይተኩሱለት፣ ጫማውንም አይጥረጉለት። አጠገቡ ሆነው ያሳዩት እንጂ እሱ ይሥራው። መምህሩ ሲጠይቀው በራሱ እጅ የሠራ ልጅና እናቱ የሠራችለት ልጅ ወዲያው ይለያሉ። እና ዩኒፎርሙ ላይ ሁዲ ደርቦ እንዳይወጣ። መጀመሪያ ሰሞን ጓደኞቹ ሲያዩት ያፍራል፣ ሁላችንም አፍረናል፣ ግን ወይ ሙሉውን ይልበስ ወይ አይልበስ።

የካዴት አባት

ለባለቤትሽ ንገሪልኝ እህቴ፣ ጄአርኦቲሲ የገባ ልጅ ውትድርና የመግባት ምንም ግዴታ የለበትም። ሲጨርስ ኮሌጅ ይሄዳል፣ ሥራ ይገባል፣ ያሻውን ይሆናል። ይሄን እኔም መጀመሪያ አጣርቻለሁ።

ማተቡ ችግር የለውም፣ ሸሚዝና ክራቫት ሥር ሆኖ እስካልታየ ድረስ። ለማንኛውም ልጁ መምህሩን ቀድሞ ያናግር። ለሙስሊም እህቶቻችንም፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 መጨረሻ ጀምሮ የምድር ጦሩ ጄአርኦቲሲ ለሴት ካዴቶች ሂጃብ ፈቅዷል፣ ፈቃዱን በትምህርት ቤቱ በኩል መጠየቅ ነው።

ሌላ ያልተነሳ ነገር። ቀኝ ደረቱ ላይ የሚደረገው የስም ሰሌዳ የልጁን ስም አይደለም የሚይዘው፣ የመጨረሻ ስሙን ነው። እኛ ጋ ያ ማለት የአባት ወይም የአያት ስም ነው። የኔ ልጅ የሚጠራው በአባቴ ስም ነው፣ ካዴት ተብሎ የአያቱ ስም ይከተላል። አባቴ አሜሪካን አይተው አያውቁም። እና ሰሌዳው ከመታዘዙ በፊት ፊደሉ ልክ መሆኑን ራሳችሁ እዩት፣ የኛ ላይ አንዲት ፊደል ተዛብታ መጥታ እንደገና አሠርተናል።

እናት ከቨርጂኒያ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ለአባቱ አነበብኩለት፣ አሁን ቀለል ብሎታል። ጫማውስ? እንደኛ አገር በቀለም ይጠረጋል ወይስ በጨርቅ ብቻ?

አራት ዓመት የለበስኩ

ሁለት ዓይነት አለ እናቴ። እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ሰው ሠራሽ ከሆነ ቀለም አይነካውም፣ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል፣ አበቃ። ቆዳ ከሆነ ግን ጥቁር ኪዊ ይግዙለት። መጀመሪያ በብሩሽ ቀብቶ ያሳድረው፣ በማግስቱ ጥጥ ወይም ለስላሳ ጨርቅ ጣቱ ላይ ጠቅልሎ ጥቂት ቀለምና አንድ ጠብታ ውሃ እያደረገ አፍንጫውና ተረከዙ ላይ በትንንሽ ክብ ያሽው። መጀመሪያ ይደበዝዛል፣ አይደንግጥ፣ ይቀጥል። የሚለብስበት ቀን ሐሙስ ከሆነ ማክሰኞ ማታ ይጀምር፣ ሌሊት ተነስቶ የሚያሽ ልጅ ጠዋት ሸሚዙን ቀለም አስነክቶ ነው የሚወጣው።

ላውንደሪ ቤት የሠራሁ

ሸሚዙን ቀለም ከነካው ሙቅ ውሃ እንዳታስነኪው፣ ማድረቂያም ውስጥ አይግባ። ደረቅ ጨርቅ ላይ ትንሽ አልኮል አድርገሽ ከጫፍ ወደ መሃል ጠቅ ጠቅ አድርጊው፣ ከዚያ በሳሙና። ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ ልብሱን ንጹህ አድርጋችሁ መልሱና የመለሳችሁበትን ወረቀት ያዙ። የጠፋ ዕቃ ካለ ይቆጠርባችኋልና።