ባህር ውስጥ ያለው የኖርዌዩ ሬስቶራንት የሄዳችሁ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገን እንደምናችሁ፣ ኖርዌይ ያላችሁ ልጆች ግራ ገብቶኛል። ሊንደስነስ ያለውን አንደር የሚባለውን ሬስቶራንት ታውቁታላችሁ አይደል፣ ያ በ2019 የተከፈተው፣ ግማሹ ድንጋዩ ላይ ግማሹ ባህር ውስጥ የገባ ኮንክሪት፣ እታች 5 ሜትር ምናምን ወርደህ በትልቅ መስታወት ዓሣ እያየህ የምትበላበት። ለባለቤቴ ልደት ብዬ ህዳር መጀመሪያ ላይ ቦታ ይዣለሁ፣ ጾመ ነቢያት ሳይገባ፣ ረቡዕና አርብም እንዳይሆን ሐሙስ አድርጌዋለሁ። እሷ እስካሁን አታውቅም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ እዛ እንደ ሌላ ቤት ከሜኑ መርጠህ አታዝም፣ ሼፉ ያሰበውን በትንንሽ ሳህን ተራ በተራ ያመጡልሃል፣ አብዛኛው ደግሞ ከዛው ባህር የወጣ ነው። እሷ ዓሣ ትበላለች፣ ግን ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብቻ! ሸርጣን፣ ሽሪምፕ፣ ዛጎል ውስጥ ያለ ነገር ስታይ እንኳን ፊቷ ይቀየራል። ቀድሜ ብጽፍላቸው ይቀይሩልኛል ወይስ ዝም ብለው ሳህኑን ይዘሉባታል? በዛ ዋጋ ሁለት ሳህን በልታ ብትነሳ እኔ ነኝ የማለቅሰው።

ሌላው መንገዱ ነው። ከኦስሎ ክርስቲያንሳንድ ባቡር አለ፣ ከዛ ማንዳል ድረስ ባስ፣ ከማንዳል ወዲያ ግን መኪናም መንጃ ፈቃድም የለንም። ማታ እራት አልቆ በምን ነው የሚወጣው? በእግር የሚደረስ ማደሪያ አለ ወይ? ደሞ በህዳር 11 ሰዓት ሳይሞላ ይጨልም የለ፣ በጨለማ በመስታወቱ የሚታይ ነገር አለ ወይስ ወደ ምሳ ላዙረው?