«ቀን ከፍ፣ ማታ ዝቅ፤ በቃ» ተባለ፦ ምኑ ነው የበቃው?

የጦሳ ጥላ
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ደሴ ላይ ለተማሪዎች በተዘጋጀ የሙያ ምክር ላይ ልጄን ይዤ ሄጄ ነበር። ስለ አቪየሽን ሊያወሩ የተጋበዙትን ሰው አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ውቅያኖስ መሀል ያለ አውሮፕላን በየትኛው አጭር ሞገድ መናገር እንዳለበት በምን ይታወቃል?» አላቸው። መልሳቸው፦ «ቀን ከፍ፣ ማታ ዝቅ፤ በቃ። እሱም የድሮ ነገር ነው፤ አሁን ሁሉም በሳተላይት ሆኗል፤ እንዲያውም ከትምህርቱ ቢወጣ ይሻላል።» ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቁጭ አለ፤ አዳራሹ አጨበጨበ። እኔን ያንገበገበችኝ «በቃ» የምትለዋ ናት። ምኑ ነው የበቃው?

ሐረጎ ቁልቁለት
ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነኝ። ምን አጠፉ? በ1938 ዳኮታ የሚባለው አውሮፕላን ካይሮ ሲሄድ ይሁን፤ ዛሬ አብራሪው መልእክቱን ይጽፋል፣ በሳተላይት ይሄዳል፣ መልሱ ስክሪኑ ላይ ይመጣል። ጆሮውን ሬዲዮ ላይ ለጥፎ «ሃሎ፣ ይሰማል?» ሲል የሚያድር አብራሪ የለም።

ሰኞ ገበያ
ጦሳን «በቃ» የሚለው ሰው ገና ዛሬ ተገኘ። ይመዝገብልን።

ቦርከና ዳር
እንደምን ዋላችሁ። ዕድሜዬን ሬዲዮ ስጠግን የኖርኩ ጡረተኛ ነኝ። ሰውዬው አልዋሹም፤ አቦሉን ቀድተው ጀበናውን አነሱ እንጂ። ቀን ቀን ፀሐይ ከላያችን ባለው ሞገድ አንጣሪ ሰማይ፣ በአዮኖስፌር፣ ዲ የሚባለውን ታችኛውን ንብርብር ትቀሰቅሰዋለች፤ እሱ ዝቅተኛውን ሞገድ ይውጠዋል። ስለዚህ ወደ ላይ፣ ወደ 11 እና 13 ሜጋ ኸርዝ፣ አንዳንዴም ወደ 17 ትወጣለህ። ሲመሽ ዲ ይጠፋል፤ ኤፍ የሚባለው ላይኛው ይቆያል፣ ግን እየሳሳ ይሄዳል። ከፍ ያለውን ሞገድ መመለስ ያቅተውና ወደ ጠፈር ይለቀዋል። ያኔ ወደ 5፣ ወደ 3 ትወርዳለህ። በኛ በኩል ያለውን አየር የሚያውቅ ቀን 11300፣ ማታ 5658 ኪሎ ኸርዝ ሲባል የአውሮፕላኖቹ ሞገድ መሆኑ ይገባዋል።
እዚህ ድረስ ከሰውዬው ጋር ነኝ። ግን «ቀን» የማን ቀን ነው? የመሬቱ ጣቢያ ነው ወይስ የአውሮፕላኑ? ሞገዱ ሄዶ የሚነጥረው መሀል መንገድ ላይ ነው፤ መታየት ያለበት የዚያ ቦታ ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ መሽቶ መብራት ሲበራ ወደ ምዕራብ የሄደው አውሮፕላን ፀሐይዋ ገና ዐይኑ ላይ ናት። ከፍ ነው ዝቅ?

ሐረጎ ቁልቁለት
ጋሼ፣ ከእርስዎ ጋር አልከራከርም፤ ግን አብራሪው ይህን ሁሉ ሲያሰላ አይቀመጥም። የመሬቱ ጣቢያ «ዋናህ ይኼ፣ ተጠባባቂህ ይኼ» ብሎ ሁለት ይሰጠዋል። በአጭር ሞገድ ጽሑፍ የሚልከው መሣሪያ ደግሞ የተሻለውን ጣቢያና ሞገድ ራሱ ፈልጎ ይይዛል። ታዲያ ምርጫው የቱ ጋ ነው?

የጦሳ ጥላ
ጣቢያው ውስጥ ማን ተቀምጧል? ጂኒ ነው የሚመርጠው? መሣሪያውንስ ይህንን እንዲያውቅ ያደረገው ማን ነው? ሰው አይደለም ወይ? ያ ሰው ይኼን የተማረው «በቃ» ከሚል መምህር አይመስለኝም።

እሙ ሀያት
እኔ ስለ አውሮፕላን አላውቅም። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሰዓቱ ሲደርስ ቤቱን ሁሉ ዝም አሰኝቶ ዶቸ ቬለን ያዳምጥ ነበር። ሽቦውን ከቆርቆሮው ጫፍ እስከ ባሕር ዛፉ ወጥሮታል። የሬዲዮው መስታወት ላይ በምስማር የጫራቸው ሦስት ጭረቶች አሉ፦ አንዱ የክረምት፣ አንዱ የበጋ፣ ሦስተኛውን «የመከራ» ይለው ነበር፤ ሁለቱ እንቢ ሲሉ የሚሞክረው። ፊዚክስ ያስተማረው የለም። ቀን ከፍ፣ ማታ ዝቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለዚያች ለአንዷ ሰዓት ሦስት ጭረት ምን ያደርግለት ነበር?

ቦርከና ዳር
ያንቺ አባት ማስተማር ነበረባቸው። ጣቢያዎቹም ቢሆኑ በዓመት ሁለት ጊዜ ሞገድ ይለዋውጣሉ። በዚያ ላይ የፀሐይ የ11 ዓመት ዙር አለ፤ ፀሐይ በተረጋጋችባቸው ዓመታት ከፍተኛዎቹ ሞገዶች ቀንም ይሰንፋሉ።

ሐረጎ ቁልቁለት
እሙ፣ ሦስተኛው ጭረት የአዮኖስፌር ሳይሆን የአፈና ይሆናል። በ2002 የአሜሪካ ድምፅ ሲታፈን ሁላችንም ነው መደወያ ስናሽከረክር የነበረው።

እሙ ሀያት
አባቴ ጭረቶቹን ሲጭር ገና አልተወለድክም።

የቃሉ ልጅ
እናንተ ውቅያኖስ ላይ ናችሁ። ኮምቦልቻ የሚያርፈው አውሮፕላንስ በዚሁ ነው የሚናገረው?

ሰኞ ገበያ
የደሴ ኤርፖርት ማለትህ ነው?

የቃሉ ልጅ
የደሴ ኤርፖርት የሚባል የለም። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ፣ ጆሮህ ተደፍኖ፣ ኮምቦልቻ ነው የምትሳፈረው።

ሰኞ ገበያ
ሜዳው የናንተ፣ ተሳፋሪው የኛ። ደሴ ባይኖር በሬ ነበር የሚሰማራበት።

ቦርከና ዳር
ተዉ እንጂ ልጆች። ኮምቦልቻ የሚያርፈው የሚናገረው ቪ ኤች ኤፍ በሚባለው የቅርብ ርቀት ሬዲዮ ነው፣ ከ118 እስከ 137 ሜጋ ኸርዝ ባለው። እሱ ዐይን የደረሰበት ድረስ ነው የሚደርሰው። ደሴ ፒያሳ ቆመህ ኮምቦልቻን አታያትም፣ ተራራው መሀል አለ፤ እንደዚያ ነው። 35,000 ጫማ ላይ ያለ አውሮፕላን እስከ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰማል፤ ከዚያ ወዲያ ምድር ራሷ ሐረጎ ትሆናለች። አጭር ሞገድ የሚፈለገው ያኔ ነው፤ አንዴ ነጥሮ እስከ 4,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል።
«ጆሮውን ለጥፎ» ላልከው ደግሞ፣ ያ ድሮም ቀርቷል። ሴልካል የሚባል አለ፤ አውሮፕላኑ የራሱ አራት ፊደል አለው። ጣቢያው የዚያን ድምፅ ሲልክ ኮክፒቱ ውስጥ ደወል ይጮኻል፤ ሽሽ የሚለውን ጫጫታ የሚያዳምጥ የለም።

የጦሳ ጥላ
አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባለፈው ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ጣራዬ ላይ ሽቦ ዘርግቼ 11300 ከፈትኩ። አውሮፕላኖቹ ይሰሙኛል፤ የአዲስ አበባው ጣቢያ ግን ምንም። አብራሪው መልስ ሲሰጥ እሰማለሁ፣ ጠያቂውን አልሰማም። ለብቻው እንደሚያወራ ሰው።

ሐረጎ ቁልቁለት
ይኸው! ራስህ መሰከርክ። አዲስ አበባ እዚሁ አፍንጫችን ስር፣ 250 ኪሎ ሜትር እንኳ ቢሆን ነው በአየር። አልሰማህም። ይህን ነው ውቅያኖስ ላይ የምታምነው?

ቦርከና ዳር
ያልሰማው ቅርብ ስለሆነ ነው! ጠዋት ላይ ኤፍ ገና አልጠነከረም። 11 ሜጋ ኸርዝ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ይበሳዋል፤ ጋደል ብሎ የሄደው ብቻ ነው የሚመለሰው፣ እሱም የሚወርደው ሩቅ ነው። ደሴ መሀል ላይ ድምፅ የማይወርድበት ቦታ ሆና ቀረች። አውሮፕላኑ ግን ከላይህ ነው፣ በቀጥታ ይደርስሃል። በዚያች ሰዓት 5658 ብትሞክር አዲስ አበባን ልታገኘው ትችል ነበር። ቀኑ ነግቷል፣ «ቀን ከፍ» ግን አልሠራም። ርቀቱም ይመርጣል ማለት ነው።

ሰኞ ገበያ
ስለዚህ ደሴ በሰማይም ታልፋለች። አስፋልቱ ብቻ መስሎኝ።

የፊዚክሱ ሰው
አንድ ቀን ልጨምር። ጳጉሜን 1 ቀን 2009፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ላይ ኤክስ 9.3 የተባለ ኃይለኛ ፍንዳታ ሆነ። በብርሃን በኩል ባለው የምድር ክፍል አጭር ሞገድ ተዳፈነ፤ ካሪቢያን ላይ ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ እየመታ ባለበት ሰዓት። ጨለማ ውስጥ የነበረው ግማሽ ምድር ምንም አልሆነም።

ሐረጎ ቁልቁለት
ፀሐይ ባስነጠሰች ቁጥር ለሚሞት ነገር ነው እንግዲህ ክፍለ ጊዜ የሚመደበው።

ቦርከና ዳር
የማያውቀው ሰው እጅ ላይ ነው የሚሞተው። እንዲያ ሲሆን ቀድሞ የሚጠፋውም ዘግይቶ የሚመለሰውም ዝቅተኛው ሞገድ ነው። የደነገጠ ኦፕሬተር ወደ ታች ይወርዳል፤ የሚያውቀው ወደ ላይ ይወጣና ይጠብቃል። ሳተላይቱንም አልጠላሁም፣ ግን «ሁሉም» አይባልም። ከምድር ወገብ በላይ የተሰቀሉት ዋልታውን አያዩትም።

ሐረጎ ቁልቁለት
ኢሪዲየም የሚባሉት ሳተላይቶች ያዩታል ጋሼ። ዝቅ ብለው የሚዞሩ ናቸው፣ ዋልታ ላይ ይሠራል።

ቦርከና ዳር
እሱን እቀበላለሁ። ቢሆንም ውቅያኖስ የሚያቋርጡት አጭር ሞገዱን ከጅራታቸው ነቅለው አልጣሉትም።

የጦሳ ጥላ
ነቅለው አልጣሉትም! ሐረጎ፣ ይቺን አንብባት። «በቃ» ያሉት ሰውዬ ያንን አንቴና ምን ሊሉት ነው? ጌጥ?

ሐረጎ ቁልቁለት
አንተ «በቃ» ላይ ተጣብቀህ ቀረህ። እኔ ስለ ልጆቹ ነው የማወራው። ታናሽ ወንድሜ ስሙን የማልጠራው ማሰልጠኛ ገብቶ ሁለት ዓመት የንብርብር ስም ሸመደደ፦ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ አንድ፣ ኤፍ ሁለት። አንድ ቀን እንኳ የሬዲዮ መደወያ ሳይነካ ሰርተፊኬት ተሰጠው። ዛሬ ፒያሳ የሞባይል ስክሪን ይቀይራል። ያን ጊዜውን ማን ይመልስለት? ሰውዬው ይውጣ ሲሉ ያጨበጨብኩት ለዚህ ነው።

እሙ ሀያት
ያረቢ። ታዲያ ሬዲዮ ስላላስነኩት ነው እንጂ ስላስተማሩት ነው?

ሐረጎ ቁልቁለት
የሚያስነኩት ከሌላቸው አያስተምሩት። ለደሴ ልጅ ሰሌዳ ላይ የተሳለ ሰማይ አይጠቅመውም።

የጦሳ ጥላ
የ300 ብር ሽቦና አንድ አሮጌ ሬዲዮ የማያጣ ከተማ ውስጥ?

የቃሉ ልጅ
300 ብር? አንተ ገበያ ከወጣህ ስንት ጊዜህ ነው?

ሰኞ ገበያ
ገበያን ለኔ ተዉት። እሙ፣ የአባትሽ ሬዲዮ አለ?

እሙ ሀያት
ቁም ሳጥን ላይ ነው። ድንጋዩ ውስጡ ፈሶ ዝጓል፣ ጭረቶቹ ግን አሉ። አሁን አውርጄ አየሁት፤ የመከራው 25 ሜትር ላይ ነው።

ቦርከና ዳር
25 ሜትር ማለት ከ11.6 እስከ 12.1 ሜጋ ኸርዝ ነው። የ11300 ጎረቤት። ዝገቱን በኮምጣጤ ጥረጊው፣ በቢላ እንዳትፍቂው።

ሐረጎ ቁልቁለት
ስንት ድንጋይ ነው የሚበላው?

እሙ ሀያት
አራት ትልልቁን።

ሐረጎ ቁልቁለት
እሑድ ወንድሜን ይዤ ድንጋዩን አመጣለሁ። ይውጣ ያልኩትን ግን አላነሳሁም።