«የቀነጨረ ትውልድ» ስድብ ነው ወይስ ጉዳት?

ነርሷ፦
ትናንት ማታ በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ አንድ ተጋባዥ ስለ ዘንድሮ ወጣት ተጠየቀ። «የቀነጨረ ትውልድ ነው፤ ምን ይጠበቃል?» ብሎ መለሰ። አወያዩ ሳቀ። እኔ ግን እራቴ አልወርድ አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሕፃናት ስመዝን ነው የኖርኩት። መቀንጨር ስድብ አይደለም። ልጁ ከተፀነሰበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ባሉት 1000 ቀናት ውስጥ የሚገባውን ምግብ ሲያጣ፣ ተቅማጥና ሌላ በሽታ ሲመላለስበት የሚደርስበት ጉዳት ነው። ሰው እንዴት በተጎዳበት ነገር ይሰደባል?

መርካቶ፦
እህቴ፣ አታክብጂው። ቃሉን ሐኪም አልፈጠረውም። መቀንጨር ማለት በቃ ማጠር ነው። «የቀነጨረ ፖለቲካ»፣ «የቀነጨረ ገበያ» ሲባል ስንት ዓመታችን! ሰውዬው የወጣቱ አስተሳሰብ አላደገም ማለቱ ነው። ደግሞ እውነቱን ነው።

ነርሷ፦
«በቃ ማጠር ነው» አልክ? እዚች ላይ ቁም። እኛ ቁመት የምንለካው ቁመቱ አሳስቦን አይደለም። ቁመት ምልክት ነው። ምግብ ያጣ ሰውነት ከቁመቱ ይቆጥባል። አንጎልም በፍጥነት የሚያድገው በዚያው ጊዜ ነው። የቀነጨረ ልጅ ትምህርት ሊከብደው ይችላል። በሽታም ቶሎ ይይዘዋል። «በቃ ማጠር» ቢሆንማ ማን እንቅልፍ ያጣ ነበር?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ነርሷ ልክ ነሽ፤ ግን አንድ ነገር ልጨምር። የእኔ ልጅ አጭር ናት። እኔም እናቷም አጭር ነን። እዚህ አሜሪካ ሐኪሙ በየጊዜው የእድገት ሰንጠረዥ ላይ ነጥብ ያደርግላታል። ከታች በኩል ናት፤ ግን መስመሯን ይዛ እየወጣች ነው። ስለዚህ ጤነኛ ናት አለን። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ የልጁን ቁመት በዕድሜ እኩዮቹ ከሆኑ ጤነኛ ልጆች ጋር ያስተያያል። ከመካከለኛው በ2 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (የልጆች ቁመት ከመካከለኛው ምን ያህል እንደሚራራቅ የሚለካበት ልክ ነው) ዝቅ ካለ ቀንጭሯል ይባላል። ነገር ግን በደንብ በሚበላ ሕዝብ ውስጥም ከ100 ልጅ 2 ወይም 3 እዚያ መስመር ስር ይወድቃል። በተፈጥሮው አጭር ስለሆነ ማለት ነው።

መርካቶ፦
ይኸው! ራሳችሁ መሰከራችሁ። መለኪያው ቁመት ነው። ታዲያ «በቃ ማጠር ነው» ማለቴ ምኑ ላይ ተሳሳተ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
አላነበብከኝም ወንድሜ። 2 ወይም 3 ከሆነ ተፈጥሮ ነው። በ1992 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች 58 በመቶው ቀንጭረው ነበር። በ2008 ዓ.ም. 38 በመቶ ሆነ። በ16 ዓመት ውስጥ የሕዝብ ዘር አይለወጥም። የተለወጠው ኑሮው ነው። አዲስ አበባ በዚያው ዓመት 15 በመቶ ነበረች፤ አማራ ክልል 46። እግዜር ለአዲስ አበባ ረጃጅሙን መርጦ አልሰጣትም።

የዋግ ልጅ፦
ስለ ቁጥሩ ካነሳችሁ እኔም የሚያንገበግበኝን ልናገር። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ያለውን መቀንጨር እስከ 2030፣ በፈረንጆቹ ነው፣ አጠፋለሁ ብሎ ቃል ገባ። ስሙንም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» አለው። ሰቆጣ አገሬ ናት። አሁን ሰው «ከየት ነህ?» ሲለኝ «ሰቆጣ» ስል፣ «አሃ፣ የመቀንጨሯ?» ይለኛል። ስንት ታሪክ ያላት ከተማ ናት! ቃሉ ስድብ ከሆነ እኮ አገሬም አብራ ተሰደበች።

ነርሷ፦
የዋግ ልጅ፣ ስሙ የወጣው ለክብር ነው። ችግሩ የጠናበት ቦታ ላይ ቆመን እንጀምር ተብሎ ነው። ሥራው የተጀመረውም በተከዜ ተፋሰስ ወረዳዎች ነው።

የዋግ ልጅ፦
ለክብር ከሆነ ያ የቴሌቪዥን አወያይ ለምን ሳቀበት? ያንን መልሺልኝ።

አባ ማሽላ፦
ልጆቼ፣ ቃሉን ከእኛ ከገበሬዎቹ ነው የወሰዳችሁት፤ ስለዚህ ልናገር። እኔ የቆቦ ሰው ነኝ። ማሽላ ላይ የሚወጣ አረም አለ፤ አቀንጭራ እንለዋለን። አበባው ሐምራዊ ነው፤ ላየው ያምራል። ከመሬት በታች የማሽላውን ሥር ይይዝና ይመጥጠዋል። አበባው ወጥቶ ስታየው ማሽላው ቀድሞ አልቋል። ብትነቅለው ምን ዋጋ አለው? ዘሩ ደግሞ አፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ይኖራል። ስሙን ልብ በሉ፤ አቀንጭራ። የሚያቀነጭር ማለት ነው። እኛ ማሽላውን «ቀነጨረ» ብለን አንሰድበውም። ያቀነጨረውን ነው የምንረግመው። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አውጥቶ በፈረንጆቹ 2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ሲወስድ እኮ ማሽላውን ገሥጾ አይደለም።

ነርሷ፦
አባ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ልናገር ፈልጌ ያጣሁት ይሄንን ነው። የልጁም ጉዳት እኮ ሲታይ አልፏል። እናቲቱ «አልቆመልኝም፣ አልተናገረልኝም» ብላ ስትመጣ ዋናው ጊዜ አምልጧል።

ቃል ወዳጅ፦
አባ የሰዋስው ነገር ነው የነገሩን። «ቀነጨረ» ስንል ልጁ ራሱ ያደረገው ያስመስላል። ማን እንዳደረገው ይጠፋል። «አቀነጨረ» ስንል ግን አድራጊ ይመጣል። ንጹሕ ውሃ ማጣት አቀነጨረው። ድርቅ አቀነጨረው። ጦርነት አቀነጨረው። የሰውዬው ጥፋት ቃሉን ማንሳቱ አይደለም፤ አድራጊውን ማጥፋቱ ነው።

መርካቶ፦
በጣም ተራቀቃችሁ። ሰው በአማርኛ ሲናገር እንዲህ አስቦ አይናገርም። እናቴ አጭር ዶሮ አይታ «ቀንጫራ» ትላለች፤ ማን አቀነጨራት ብላ አትጠይቅም። በቃ ማጠር ነው።

አባ ማሽላ፦
እናትህን አክብሬ፣ ዶሮዋ «ጫጨች» ነው የሚባለው።

የጎጃም ሰው፦
እኛም ጋ ለልጅም ለዶሮም «ጫጨ» ነው። «መቀንጨር» ከወረዳ ስብሰባ የመጣ ቃል ነው የሚመስለኝ።

አባ ማሽላ፦
ከወረዳ አልመጣም! አያቴ ወረዳ ሳይኖር ይለው ነበር።

ነርሷ፦
እባካችሁ «ጫጨ»ንም አትጨምሩብኝ። መቀጨጭና መቀንጨር ሲምታቱብን እንኳ ስንት ጊዜ እናባክናለን። መቀጨጭ ልጁ አሁን ሲከሳ ነው፤ የክንዱን ዙሪያ በምንለካበት ባለቀለም ጥብጣብ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ሲሆን ቀይ ይወጣል፤ ቶሎ ይታከማል። መቀንጨር የቆየ ነው። ወፍራም መስሎ የቀነጨረ ልጅ አለ። እናትየው «ልጄ ደህና ነው፣ ጉንጩን እዪው» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ጉንጩ ያምራል። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ የምንይዘው ሚዛን ነው፤ የቁመት መለኪያ ሰሌዳ በየቦታው የለም። ስለዚህ መቀንጨር ሳይታይ ያልፋል።

ሁለት ልጅ ያላት፦
እኔ እናት ነኝ፤ ልናገር። ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ ስንት ሰው ባለበት፣ «ልጅሽ ቀንጭሯል» ተባልኩ። ጮክ ተብሎ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት አልተመለስኩም። ነርሷ፣ አንቺ ስለ ቴሌቪዥኑ ሰውዬ ተናደድሽ። እኔን ያሳፈረችኝ ግን ነጭ ጋወን የለበሰች ናት።

ነርሷ፦
እህቴ፣ ይቅርታ። እኔም ብዬው አውቃለሁ። አሁን «ቁመቱ ከዕድሜው ወደኋላ ቀርቷል፤ አብረን እንየው» እላለሁ።

መርካቶ፦
ታዲያ ምኑ ነው የተለየው? ያው ማጠር ነው ያልሽው!

ሁለት ልጅ ያላት፦
የተለየውማ «አብረን» ያለችው ነው። አማቴ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ስትለኝ ደስ ይለኝ ነበር። ዕድሉ ከሆነ እኔ አላጠፋሁም ማለት ነው። እንቁላሉን ገበያ ወስጄ ጨውና ጋዝ እገዛ ነበር። በጾም ደግሞ ቤት ውስጥ የፍስክ ድስት አይጣድም።

የጎጃም ሰው፦
ጾሙን አትንኩ! ሕፃን አይጾምም፤ ቄሶቹም ይህንኑ ነው የሚሉት።

ሁለት ልጅ ያላት፦
ሕፃኑ አይጾምም፤ ድስቱ ይጾማል ነው ያልኩት። ለእሱ ብቻ ሌላ ድስት የሚገዛ አቅም አልነበረኝም።

ቃል ወዳጅ፦
መርካቶ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። በፈረንጆቹ 2013 ረሃብ ለአገሪቱ ምን ያህል እንደሚያስከፍላት የተጠና ጥናት ወጥቶ ነበር። ከአዋቂው ሕዝብ 67 በመቶው በልጅነቱ የቀነጨረ ነው ይላል። ከሦስት ሰው ሁለቱ ማለት ነው። ያ ሰውዬ «የቀነጨረ ትውልድ» ያለው ወጣቱን ብቻ ነው? በ1992 ቁጥሩ 58 ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቀንሷል። በመቀንጨር ከሆነ የእኛ ዕድሜ ይብሳል።

መርካቶ፦
እኔም በድርቁ ጊዜ ነው የተወለድኩት፤ 1977። አባቴ ረጅም ነበር፤ ወንድሞቼም። እኔ ብቻ ነኝ አጭር። ስለዚህ ስለ ማጠር እኔን አታስተምሩኝ። ማጠር ነው ስል ከሕይወቴ ነው የምናገረው። ማንም «ተጎጂ» እንዲለኝ አልፈልግም።

ነርሷ፦
ወንድሜ፣ ይሄንን ከመጀመሪያው ብትነግረን ኖሮ።

መርካቶ፦
ብነግራችሁ ምን ይለወጣል? ሱቄን የከፈትኩት በዚሁ ጭንቅላት ነው። ሦስት ልጅ አስተምሬያለሁ። አንቺ «አንጎል» ስትዪ እኔን ምን እንደሚሰማኝ ጠይቀሻል?

ነርሷ፦
አልጠየቅኩም። ግን ለእናቶች ስለ አንጎል ካልነገርኳቸው እንቁላሉን ይሸጡታል። ምን ልበል ታዲያ? ንገረኝ።

አባ ማሽላ፦
ጎጃሜው፣ አንተ ደግሞ «ጫጨ» ያልከውን አልመለስክልኝም። ማሽላ ይጫጫል?

የጎጃም ሰው፦
እኛ ጋ ጤፍም ይጫጫል፣ አባ።