ሳምሰንግ ስልኬ ሎጎ ላይ ቆሞ ቀረ፤ በኮምፒውተር ሶፍትዌር መጫን የሞከረ አለ?

የጣና ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባህር ዳር ነኝ፣ በጀልባ ወደ ዘጌ እንግዳ አመላልሳለሁ። ስልኬ ጋላክሲ ኤ12 ነው። ሐሙስ ማታ አፕዴት ልጫን ወይ ሲለኝ እሺ ብዬው ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ሳምሰንግ የሚለው ጽሑፍ ላይ ቆሟል። ይጠፋል፣ ይበራል፣ ተመልሶ እዚያው ነው። ሚሞሪው ከሞላ ቆይቷል፤ የእንግዶች ቪዲዮ አጨናንቆታል። አንድ ሱቅ ብወስደው 1500 ብር ጠየቁኝ፣ ዳታውም ሙሉ በሙሉ ይጠፋል አሉኝ። የደንበኞቼ ቁጥርና የልጄ ክርስትና ፎቶ ያለው እሱ ውስጥ ነው። ዊንዶውስ ያለው ላፕቶፕ ከወንድሜ አገኛለሁ። ራሴ ብሞክረውስ?

ዓባይ ማዶ፦
እኔ ብሆን ሱቅ እሰጠው ነበር። አንዴ ራሴ ልሥራ ብዬ... ይቅር፣ አላወራም።

የፔዳው፦
ወንድሜ፣ አትደንግጥ። ሎጎው ከታየ ስልኩ አልሞተም፣ ሶፍትዌሩ ሳይሆን አይቀርም የተበላሸው። መጀመሪያ ቀላሉን ሞክር። ድምፅ መቀነሻውንና ማብሪያውን አንድ ላይ 10 ሰከንድ ያህል ተጭነህ ያዝ። ስክሪኑ ጥቁር ሲሆን ወዲያው ወደ ድምፅ መጨመሪያውና ማብሪያው ቀይር። ሪከቨሪ የሚባለው ገጽ ይመጣል። አንድሮይድ 11 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ስልኩ በኬብል ከኮምፒውተር ጋር ካልተያያዘ አይገባም፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሸወደው። ዋይፕ ካሽ ፓርቲሽን የሚለውን ምረጥና (ጊዜያዊ ፋይሎችን ብቻ ነው የሚያጠፋው) ሪቡት አድርግ። ዋይፕ ዳታ የሚለውን ግን እንዳትነካ! ፎቶህን ይዞት ይሄዳል።

የጣና ልጅ፦
ካሹን አጠፋሁት። ያው ነው፣ አልተነሳም።

ሽማግሌው ጠጋኝ፦
እንግዲያው ፍላሽ ነው የሚያስፈልገው። ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ መጫን ማለት ነው። ከመጀመርህ በፊት ግን በወንድምህ ላፕቶፕ ጂሜይልህን ክፈትና ኮንታክትስ ውስጥ ግባ። ቁጥሮችህ እዚያ ካሉ ግማሹ ጭንቀትህ ቀለለ። የጂሜይል ፓስዎርድህንም አሁኑኑ አረጋግጥ። ዳታው በሪከቨሪ ከጠፋ ስልኩ ሲነሳ የድሮውን አካውንት ይጠይቃል፤ ስንቱ ፓስዎርዱን ረስቶ ወደ እኔ መጥቷል። ሚሞሪ ካርድና ሲም ካለው አውጣ።

ሁለተኛ፣ ኤ12 ብሎ ዝም የለም። ኤስኤም-ኤ125ኤፍ አለ፣ ኤስኤም-ኤ127ኤፍ አለ። መልካቸው መንትያ ነው፣ ውስጣቸው ግን ሌላ ነው። አንዱ ሚዲያቴክ፣ ሌላው ኤክሲኖስ ፕሮሰሰር ነው ያላቸው። የአንዱ ፋይል ለሌላው አይሆንም። ካርቶኑ ላይ እይ።

የጣና ልጅ፦
እሺ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ካርቶኑ ላይ 125ኤፍ ይላል። ጂሜይሉ ላይ 400 ምናምን ቁጥር አለ፣ ተመስገን! ፎቶው ግን የለም።

ሽማግሌው ጠጋኝ፦
ፎቶውን ለማትረፍ እንሞክራለን። ኦዲን የሚባለውን ሶፍትዌር መጫኛ ፕሮግራምና የሳምሰንግን ዩኤስቢ ድራይቨር ላፕቶፑ ላይ ጫን። ለ125ኤፍ የሚሆነውን ሶፍትዌር አውርደህ ዚፑን ስትፈታ ቢኤል፣ ኤፒ፣ ሲፒ፣ ሲኤስሲ እና ሆም ሲኤስሲ የሚሉ ፋይሎች ታገኛለህ። ልብ በል፣ ሁሉ ነገር ያለው እዚህ ጋ ነው። ሲኤስሲውን ከመረጥክ ስልኩ ባዶ ይሆናል። ሆም ሲኤስሲውን ሲኤስሲ በሚለው ቦታ ካስገባህ ዳታው ሳይነካ ሊነሳ ይችላል። ሱቅ ውስጥ ብዙዎቻችን ሲኤስሲውን የምንጭነው ስለሚፈጥንና ስለማያከራክር ነው፣ እውነቱን ልንገርህ።

ስልኩ ጥቁር ሲሆን ሁለቱንም የድምፅ ቁልፎች ተጭነህ ኬብሉን ሰካ። ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ድምፅ መጨመሪያውን አንዴ ተጫን፣ ዳውንሎድ የሚባለው ገጽ ይከፈታል። ኦዲን ላይ አንዷ ሳጥን ሰማያዊ ትሆናለች። ሲኤስሲውን ትተህ የቀሩትን አራት ፋይሎች በየቦታቸው አስገባ። ሪ-ፓርቲሽን የሚለው ላይ ምልክት አይኑር። ከዚያ ስታርት።

ዓባይ ማዶ፦
መብራት ቢሄድስ? እኛ ሰፈር ያው ታውቃላችሁ።

ሽማግሌው ጠጋኝ፦
ለዚህ ነው ላፕቶፕ ያልኩት። ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ የስልኩም ከግማሽ በላይ። መሃል ላይ ቢቋረጥ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ያው ዳውንሎድ ገጽ ይመጣል፣ ከመጀመሪያው ትጀምረዋለህ።

የጣና ልጅ፦
ሁለት ነገር ገጠመኝ። በመጀመሪያ ሳጥኗ ሰማያዊ አልሆን አለች። ኬብሉ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ኖሯል፤ የጎረቤቴን ስቀይርበት በራች። ቀጥሎ ስታርት ስል በቀይ ፌይል አለ። ስልኩ ላይ በትንንሽ ፊደል ዲቫይስ 3፣ ባይነሪ 2 የሚል ነገር ተጽፏል። በዳታ 5 ጊጋ አውርጄ! ጎረቤቴም ኬብሉን ወስዶ ሄደ።

የፔዳው፦
ያወረድከው ፋይል የቆየ ነው። የፋይሉን የቨርዥን ቁጥር ከኋላ ስትቆጥር 5ኛዋን እይ። ስልክህ ላይ 3 ከደረሰች 2 የሆነውን አይቀበልም፣ ወደ ኋላ አይመለስም። 3 ወይም ከዚያ በላይ ነው የምትፈልገው። ሌላ 5 ጊጋ አታውጣ፤ እኔ እዚህ በዋይፋይ አወርድልሃለሁ። ነገ 10 ሰዓት ፔዳ ግቢ (ዩኒቨርሲቲው) በር ላይ ፍላሽ ዲስክ ይዘህ ና። ኬብሌንም አውስሃለሁ።

የጣና ልጅ፦
ተነሳ! በአረንጓዴ ፓስ ሲል እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ሎጎው ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ቆየ፤ መልሶ ሞተ ብዬ ላጠፋው ስል ፓተርን ጠየቀኝ። ሆም ሲኤስሲው ነው ያዳነኝ፣ የልጄ ፎቶ አንድም አልጎደለም። አሁንም ግን ሚሞሪ ሞልቷል ይለኛል።

ሽማግሌው ጠጋኝ፦
የመጀመሪያው ቡት እንደዚያ ነው፣ ይቆያል። መሙላቱ ሳይሆን አይቀርም አፕዴቱን ያነቀው። ፎቶውን ዛሬውኑ ላፕቶፑ ላይ ገልብጥ። ከዚያ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ካሹን አጥፋ።

የጣና ልጅ፦
ቴሌግራም ብቻውን 11 ጊጋ ይዞ ነበር! ጋሼ፣ ዘጌ መሄድ ካማርዎ ጀልባው የእርስዎ ነው። የፔዳው፣ ኬብልህን ነገ በዚያው ሰዓት በሩ ላይ አመጣልሃለሁ።