ስሎዝ ለምን ይዘገያል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ጉሬዛም ስሎዝም (ከዛፍ ቅርንጫፍ ተንጠልጥሎ የሚኖር አጥቢ እንስሳ) ቅጠል በል ሆነው ሳሉ አንዱ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ሌላው ለምን እንደሚዘገይ ጠይቀውኛል። የምታውቁ ብታስረዱን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ 1፦ መምህር፣ ሁለቱም ቅጠል የሚያብላላ ባለ ብዙ ክፍል ጨጓራ አላቸው። ነገር ግን ስሎዝ የበላው እስኪፈጭ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችልና የሚያገኘው ኃይል እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ በትንሽ ጡንቻ ይኖራል፤ የሰውነቱ ሙቀትም ከአየሩ ጋር ከፍና ዝቅ ይላል። ባለ ሦስት ጣቱ ዝርያ ለመጸዳዳት በሳምንት አንድ ጊዜ ያህል ወደ መሬት ይወርዳል። ጸጉሩ ላይ አልጌ የሚባል ዕፅዋት መሰል አረንጓዴ ደቂቅ ሕያው ይበቅላል፤ እጅግ የሚደንቀኝም ይኸው ነው።

መልስ 2፦ ጥበቃውንም ያስተምሯቸው። ስሎዝ የሚኖረው በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ደኖች ብቻ ነው። ደኑ ሲቆራረጥ በመሬት ለመሳብ ስለሚገደድ መኪናና ውሻ ይገድሉታል፤ በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሞተውም ብዙ ነው። ለዚህም በኮስታ ሪካ ከዛፍ ዛፍ የገመድ ድልድይ ይዘረጋለታል። በፓናማ አንዲት ደሴት ላይ ብቻ የሚገኘው ድንክ ስሎዝ ደግሞ ለመጥፋት እጅግ ተቃርቧል።

የተያያዘ ቅርንጫፍ ለዛፍ ነዋሪ እንስሳ ምን እንደሚጠቅም ለማሳየት፣ ቡናው በአገር በቀል ዛፎች ጥላ ሥር ወደሚበቅልበት ወደ ዘጌ ይውሰዷቸው።